ሁልጊዜ ወደ ግራ የምንታጠፈው ለምንድን ነው?

መቼም የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ "ላንጋኖ እንሂድ" ሲባል "እኔን ይቅርብኝ" የሚል የለም። ብር ያጣ ተበድሮ፣ ፈተና ያለበት ደብተሩን ይዞ፣ ቤተሰብ ያልፈቀደለት "የጓደኛዬ ሠርግ ነው" ብሎ ይሄዳል። ባሕር የሌለን ትውልድ ነንና "ቢች" ስንል ላንጋኖ ማለታችን ነው። አባቶቻችን ምጽዋ ስለመዋኘታቸው ሲያወሩ እየሰማን አደግን። ለእኛ የደረሰን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ብሎ የተኛ፣ ቀለሙ ማኪያቶ የመሰለ ሐይቅ ነው። አሸዋው ግን የምር አሸዋ ነው፤ ፀሐዩም የምር ፀሐይ። ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ያለ ስጋት የሚዋኝበት ሐይቅ ነውና አናማርርም።

እናላችሁ፣ ባለፈው ሰሞን አምስት ሆነን ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ለአንድ ቀን ወረድን። ማደር የለም፤ ሌሊት ወጥቶ ማታ መመለስ ነው። የዚህን ጊዜውን ጉዞ ለየት ያደረገው ከመካከላችን አንዷ አስጎብኚ ከሆነው አጎቷ ባይኖኩላር ተውሳ መምጣቷ ነው። "እስከ ስድስት ሰዓት ወፍ እናያለን፣ ከዚያ እንዋኛለን፤ አለበለዚያ አልሄድም" አለች። ሳቅንባት። "ወፍ ለማየት 200 ኪሎ ሜትር? ሰፈራችን አሞራ ሞልቶ የለ እንዴ!" ያላት ሁሉ ነበር። ነገር ግን ከኮንትራቱ ሂሳብ ትልቁን ያዋጣችው እሷ ስለሆነች ዴሞክራሲያችን ብዙ አልቆየም። ተስማማን።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመን ጠያይቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ከቱሉ ዲምቱ በክፍያ መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት)፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። መቂ ላይ የቲማቲምና የሽንኩርት ክምር፣ ባቱ ላይ የዓሣ ጥብስ ሽታ፣ ወደ ቡልቡላ ስንጠጋ ደግሞ ከመንገዱ ዳር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ከቡልቡላ ትንሽ አለፍ ሲሉ አስፋልቱ ሁለት ዓለም ለሁለት ይከፍላል። በስተ ግራ ላንጋኖ ነው። የሎጁና የሪዞርቱ ታፔላ የተደረደረው በዚያ በኩል ነው። በስተ ቀኝ የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1960ዎቹ የተቋቋመ፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውና ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ የነበረ ፓርክ ነው። ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። እኛ አምስታችን ተደማምረን ላንጋኖን ስንት ጊዜ እንዳየነው ቆጠርን፤ ሃያን ዘለለ። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የታጠፍነው። ወደ ቀኝ የታጠፈ አንድም ሰው አልነበረም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀኝ ታጠፍን።

በሩ ላይ ከፍለን፣ አንድ ስካውት አብረውን ወጡ። ዕድሜያቸው አባታችን የሚሆን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሰጎኖቹንና ሚዳቋዎቹን አየን፤ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ መኪናው ከሚችለው በላይ እንዳይሄድ ቆመና በእግር ቀጠልን። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ግራጫና ነጭ፣ እንደ ጨው የተጋገረ፣ ሲረግጡት ቅርፊቱ የሚሰበር። ዛፍ የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ ፀሐዩም እየበረታ መጣና አንዳችን ትዕግሥቱ አለቀ።

"ጋሼ፣ ሐይቁ ገና ነው?"

ስካውቱ ዞር ብለው አዩን። "ሐይቁ ላይ ነው ያላችሁት፣ ልጆች" አሉ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለን። እጃቸውን ወደ ኋላችን ዘረጉ፤ መኪናችን ወደ ቆመበት፣ ከዚያም አልፎ ዛፎቹ ወደ ጀመሩበት። "ውሃው እዚያ ድረስ ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር።" ከዚህ በላይ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅን። ዝም ብለን በደረቀው ሐይቅ ላይ ውሃውን ፍለጋ ሄድን።

ደግሞም አገኘነው። እዚህ ላይ ማጋነን አንፈልግም፤ ግን ባይኖኩላሩን እየተነጣጠቅን ነበር። ከሩቅ የውሃው ዳር ሮዝ መስመር ተሰምሮበታል። ያ መስመር ቀርበው ሲያዩት በሺህ የሚቆጠር ፍላሚንጎ ነው። ሁለት ዓይነት እንዳሉ ያወቅነው ያን ቀን ነው። ትልቁ ነጣ ያለና ምንቃሩ ጫፉ ላይ ብቻ የጠቆረ ሲሆን፣ ትንሹ ደመቅ ያለ ሮዝ ነው፤ ምንቃሩም ጠቆር ይላል። ሁለቱም ሲበሉ ጭንቅላታቸውን ይዘቀዝቁና ምንቃራቸውን እንደ ወንፊት ይጠቀሙበታል። ትንሹ የሚያጣራው ጨዋማ ውሃ ላይ የሚበቅለውን ስፒሩሊና የሚባል ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ያ ሮዝ ቀለማቸውም አብሯቸው የተወለደ አይደለም፤ ከሚበሉት ነው የሚያገኙት። ጫጩቶቻቸው ግራጫ ናቸው። ከፍላሚንጎዎቹ ሌላ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እግረ ረጃጅም ትንንሽ ወፎች ጭቃውን እየወጉ ሲሮጡ ነበር። እኛ ቪዛ ለማግኘት ዓመት የምንሰለፍበትን አህጉር በክንፋቸው አቋርጠው ነው የመጡት።

"በቃ፣ ሐይቁ ደህና ነው ማለት ነው!" አልን። ይኼ ሁሉ ወፍ እያለ!

ስካውቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፔሊካኑስ?" አሉ።

የፔሊካኑ ታሪክ እንዲህ ነው። ከአቢጃታ ቀጥሎ ያለው ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ከሻላ የሚጠልቅ ሐይቅ የለም። በመካከሉ ደሴቶች አሉ። ነጩ ፔሊካን ከጅብና ከቀበሮ ርቆ እንቁላሉን የሚጥለው በእነዚያ ደሴቶች ላይ ነበር። ነገር ግን ሻላ ዓሣ የለውም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ወላጆቹ ጠዋት ከደሴቱ ተነስተው፣ የሞቀውን አየር ተሳፍረው፣ በመካከል ያለውን መሬት አቋርጠው አቢጃታ ይወርዳሉ። ዓሣቸውን ጎሮሯቸው ውስጥ ሞልተው ወደ ጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ። መኖሪያው አንድ ቦታ፣ እንጀራው ሌላ ቦታ፤ ልክ እንደ እኛ ከአያት ተነስቶ ሜክሲኮ ሥራ እንደሚገባው ሰው። አቢጃታ እየሸሸ ሲሄድ የቀረው ውሃ ጨውነቱ በረታ። ዓሣው አልቻለውም፤ አለቀ። እንጀራው ሲጠፋ መኖሪያው ምን ያደርጋል? ፔሊካኖቹም ሄዱ።

ፍላሚንጎው ግን ጨው ወዳድ ነው። ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ላይ ቆሞ ይበላል። ስለዚህ በስልካችን ያነሳነው ያ የሚያምር ሮዝ ፎቶ ሐይቁ ጤነኛ መሆኑን አይመሰክርም። ፎቶው ላይ የጎደለውን ለማየት ቀድሞ ማን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ አናውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለምንታጠፍ።

እና ውሃው የት ሄደ? ከተመለስን በኋላ ያገላበጥነው ነገር ሁሉ ወደ አንድ መልስ ይመራል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬም ሦስቱ ጨርሰው አልተለያዩም። የመቂና የካታር ወንዞች ዝዋይ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከላንጋኖ የተረፈውም ሆራ ቀሎ በሚባለው ወንዝ አቢጃታ ይገባል። አቢጃታ ግን ወደ ማንም አይፈስም። መጨረሻው እሱ ነው። ድግስ ላይ ጥግ የተቀመጠን እንግዳ አስቡት። ወጡ ከላይ ጀምሮ እየታደለ ሲመጣ፣ እሱ ጋ ሲደርስ ድስቱ ባዶ ነው።

ከላይ የሚታደለው ለማን ነው? ለመቂና ለባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት። ዝዋይ ዳር ለተተከለውና ጽጌረዳውን ወደ ውጭ ለሚልከው የአበባ እርሻ። ለከተሞቹ የቧንቧ ውሃ። እዚያው አቢጃታ ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ የሐይቁን ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች እየሳበ ነው ምርቱን ሲያመርት የኖረው። ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለሳሙና ሥራ ይገባል። ፀሐዩም በበኩሉ ይተናል፤ የዝናቡ ጠባይም እንደ ድሮው አይደለም። ሁሉም ተደምሮ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን የነበረው ሐይቅ ከግማሹ በላይ አጥቷል። ዝናብ በጠገበ ዓመት ጥቂት ይመለሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ይሸሻል።

ጣታችንን ወደ አንድ ፋብሪካ በር ወይም ወደ አንድ ገበሬ ፓምፕ ቀስረን ብንገላገል ደስ ባለን። ግን እስቲ በልባችን እንነጋገር። ከመንገዱ ላይ ያዙልን ያልናችሁን ሦስት ነገሮች አስታወሱ? ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ስንመለስ ሁለት ኪሎ ሁለት ኪሎ ገዝተናል፤ "ከአዲስ አበባ በግማሽ ዋጋ!" ብለን። የዝዋይን ዓሣ በልተናል። ከሰሉንስ? አንዷ እናቷ አደራ ብለዋታልና አንድ ማዳበሪያ ጭነናል። ያ ከሰል ትናንት የሐይቆቹን ዳር ያለበሰ ግራር ነው። የቅዳሜ ቡናችን የሚፈላው በእሱ ነው። የአቢጃታን ውሃ የሚጠጣው "እነሱ" የምንለው ሌላ ሰው አይደለም። በሰላጣ መልክ፣ በጠርሙስ መልክ፣ በጀበና ሥር እየነደደ፣ እኛ ነን የጨረስነው።

ይህን ስንል ደግሞ ለሚሰማን ተቃውሞ ጆሯችንን አንደፍንም። "ሰው ይቀድማል ወይስ ወፍ?" የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባቱ ዳር በፓምፕ ሽንኩርት አጠጥቶ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ አጠገብ ቆሞ ስለ ፔሊካን መስበክ ሆድ የሞላው ሰው ወግ ይመስላል። ገበሬው ፓምፑን ያጥፋ የሚል ሰው ካለ እኛ አይደለንም። ነገር ግን ምርጫው በሰውና በወፍ መካከል ነው ብሎ ማቅረቡ ራሱ ስህተት ይመስለናል። ፔሊካኑን ያባረረው ጨው መጀመሪያ ያባረረው ዓሣውን ነው፤ ከዓሣው ጋር ደግሞ አጥማጁን። ወፉ ቀድሞ ስለሄደ ብቻ ነው ቀድሞ የታየው። ሐሮማያን እናስታውስ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ደረቀ። ያን ጊዜ የተቸገረው ወፍ ብቻ አልነበረም፤ ቧንቧውን ከፍቶ አየር ያገኘው ከተሜም ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶ ታይቶበታል፤ እሰየው! ግን አንድ ሐይቅ እስኪደርቅ ጠብቆ ተመልሶ እንዲመጣ መጸለይ ዕቅድ አይባልም።

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ተነግሮናል፤ ዜና የሚሆነው የተፈጸመ ነገር ነው። የደረቀ ሐይቅ ዜና ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የሚሸሽ ሐይቅ ግን ዜና ለመሆን አንድም ቀን አይበቃም፤ ዛሬ ከትናንት በምን ተለየና? "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላሉ አባቶች። አቢጃታ ላይ ያየነው ደግሞ ውሃው ራሱ ሲሄድ ነው። እሱም ቢሆን እያሳሳቀን ነው፤ በሙዚቃ፣ በጥብስ፣ በሮዝ ፎቶ።

አሁን ወደ ቢቹ እንመለስ፤ ምክንያቱም ተመለስን! ሰባት ሰዓት ላይ አስፋልቱን ተሻግረን ወደ ለመድነው ግራ ታጠፍን። ቃል የተገባልን መዋኘት ነውና ዋኘን። ላንጋኖ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ፣ ቡናማ፣ ደግ ነበር። ያ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ ረቂቅ አፈርና ማዕድን ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው። ባይኖኩላሩ ግን ወደ ቦርሳው አልተመለሰም። ፎጣችን ላይ ተኝተን፣ ስንት ዓመት የተኛንበት ግራር ላይ ዓሣ አዳኙ ንስር ነጭ ራሱን ቀና አድርጎ ተቀምጦ አየነው። የጮኸው እሱ ነው፤ ያን ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምተነው ነበር፤ የማን እንደሆነ ጠይቀን ግን አናውቅም። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ በሚገኝበት አገር ተወልደን፣ እኛ "ወፍ" እና "አሞራ" በሚሉ ሁለት ቃላት ነበር የምንኖረው።

ከጎናችን ሦስት ድንኳን ሙዚቃ እየተፎካከረ ነበር፤ በስፒከር ማለታችን ነው። የእኛም ስፒከር መኪና ውስጥ ነበር። አላወጣነውም። ለማስመሰል አይደለም፤ ረስተነው ነው። ይህ ራሱ ለእኛ ዜና ነው።

እንግዲህ "ምን ይደረግ?" ማለታችሁ አይቀርም። ትልቁን ነገር የሚሠሩት ትልልቆቹ ናቸው። ከቡልቡላና ከዝዋይ ማን፣ በስንት ፓምፕ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚስብ ተመዝግቦ ለሕዝብ ይነገር። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሐይቅ በየዓመቱ ሊደርሰው የሚገባው ውሃ በቁጥር ይወሰንለት። ይህን መጠየቅ የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የእኛም መብት ነው።

ትንሹ ነገር ግን በእጃችን ነው፤ ቀኑን ለሁለት መክፈል። ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሁሉ ጠዋቱን ለአቢጃታ ይስጥ። ወፍ እንደሆነ ጠዋት ነው የሚታየው፤ ውሃውም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ነው የሚሞቀው። ምንም አይቀርብንም! በየሳምንቱ "የላንጋኖ ጉዞ" ብላችሁ የምታስተዋውቁ ወዳጆቻችንም የፓርኩን መግቢያና የስካውቱን አበል ዋጋችሁ ላይ ጨምሩ። የሚጠብቀው ሰው የሚበላው ካላገኘ ፓርክ አይጠበቅም። ስትሄዱ ደግሞ አደራ፣ ፍላሚንጎዎቹን ለቪዲዮ ብላችሁ አታሯሯጡ። እኛ አንዴ ሞክረነዋል፤ ሲነሱ ያምራል። ስካውቱ ግን "ምግባቸውን ነው ያቋረጣችሁት" ሲሉን አፈርን።

ይህ ሐይቁን ያድናል ወይ? ብቻውን አያድንም። ቢሆንም ማንም የማያየው ሐይቅ ሲሄድ የሚናገርለት የለም። በዓመት ሺህ ወጣት ያን ነጭ ሜዳ ረግጦ "ሐይቁ ገና ነው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ እኛ የተሰጠንን መልስ የሰማ ሺህ ሰው ይኖራል ማለት ነው። ሺህ ሰው የሚያወራው ነገር ደግሞ ዜና ይሆናል።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃችንን ሸክፈን ስንነሳ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ላንጋኖ አዙሮ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ግን ከጀርባው፣ በአቢጃታ በኩል እያዘነበለች ነበር። ቢች ላይ የተቀመጠ ሰው ፀሐይ የምትጠልቅበትን ማየት ነበረበት አይደል? እኛ ዞር ብለን አየናት። እናንተም በሚቀጥለው ስትወርዱ፣ ወደ ግራ ከመታጠፋችሁ በፊት፣ አንዴ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ቸር ይግጠመን!